የሳሮን ዋስ

«ትመለሳለች ወይ?»

ባጃጁ ከጪጩ ገበያ ወጥቶ ወደ ዲላ ሲከንፍ፣ ሸዋነሽ የፊቱን ብረት በሁለት እጇ ጨምድዳ ይህንኑ ታመነዥካለች። ጥያቄው የራሷ አልነበረም፤ አያ ጂግሶ ናቸው የጠየቋት፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ነገ ጎሕ ሲቀድ መንገድ ለምትወጣው ለልጅ ልጇ ለሳሮን ምርቃት ልትለምን ሄዳ፣ ሽማግሌው ከደጃቸው ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር አስቀመጧት። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ሳይቸኩሉ ጠየቋት። በአንደኛው የነጠላዋን ጥለት ዳበሰች። በሁለተኛው መሬት መሬቱን አየች። በሦስተኛው፣ «እኔ እንጃ፣ አያ» አለች።

አልተቆጡም። «እንግዲያው ስታውቂ ነይ። ምርቃቱ የትም አይሄድም» ብለው ተነሡ።

የዚያ ዛፍ ሥር ሶንጎ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት። እዚያ ቦታ ላይ የማያውቁትን «አዎ» ማለት፣ እንደ አያ ጂግሶ አባባል፣ የሰው እህል ከማጨድ ይብሳል። ሸዋነሽ ይህን ከሳቸው አይደለም የተማረችው። ልጅ ሳለች አጎቷ በድንበር ተከሶ፣ ሽማግሌዎቹ አባቷን «ወንድምህ ድንበሩን ሲገፋ አይተሃል? አልገፋምስ ትላለህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ተኝቼ ነበር፤ አላየሁም» ብሎ ቁጭ ሲል በዓይኗ አይታለች። «አልገፋም» ቢል ወንድሙ ይተርፍ ነበር። አላለም። አጎቷ ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታቸው እህል አልቀመሰም፤ አባቷ ግን እስኪሞት ድረስ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ነው በገበያ የሄደው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ከተማረችው ሁሉ ይኸኛው ነው ያልተረሳት።

ትናንትም ሳሮን የክትባት ካርድ ለማስመታት ጤና ጣቢያ በሄደችበት፣ የቤቱ ስልክ ጠርቶ አንድ ሰው እንዲሁ ጠይቋት ነበር። ሽመክት እባላለሁ አለ፤ የጉዞዋን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ የቡድን መሪ ነኝ አለ። ድምፁ ትሑት ነበር። «እማማ፣ ለፎርሙ ነው። የሳሮን አያት ነዎት? አሳድገዋታል? ሄዳ ትመለሳለች ብለው ዋስ ይሆናሉ?» ሸዋነሽ ለሁለቱ «አዎ» አለች። ለሦስተኛው፣ «እኔ እንጃ ልጄ፤ የማላውቀውን አልልም» አለችው። ሰውዬው «እሺ እማማ» ብሎ ዘጋ። እሷም አልዋሸሁም ብላ ቀለል እያላት ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ለሳሮንም አልነገረቻትም። ምን የሚነገር ነገር አለው?

«እማማ፣ ነጠላዎን ሰብሰብ ያድርጉት፣ ጎማው ይወስደዋል» አላት ሙሐሲን በመስታወቱ እያያት። የባጃጁ ሹፌር ነው፤ አባቱ ከእሷ ቤት በላይ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣሉ። «ሳሮን ነገ ናት አይደል የምትበረው? ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።»

«ምን እያለ?»

«ማያ አገር ሄደች እያለ።»

«ማያ የሰዎቹ ስም ነው። አገሩ ቤሊዝ ይባላል» አለች ሸዋነሽ። ይህን ይህን አጥንታለች።

«አወቅኳት፣ ከሜክሲኮ ቀጥላ ያለችው።»

«ከሜክሲኮ? ሜክሲኮማ አዲስ አበባ አይደለም እንዴ? ታክሲ ተራው?»

ሙሐሲን ሳቀ። «አደባባዩን አይደለም እማማ፣ አገሩን ነው። ከዚያ ወዲያ እኮ አሜሪካ ነው። የአክስቴ ልጅ አምና በዚያ ነው የገባው። በእግሩ፣ በጀልባ፣ በጭነት መኪና፣ እንደምንም ብሎ። ሳሮን በአውሮፕላን ስለሆነች ትልቁን መንገድ ተገላግላለች።» ፊቷን በመስታወቱ አየና ሳቁን ዋጠ። «ቀልዴን ነው። ሳሮን እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለችም።»

«እንደምን ዓይነት?»

ሙሐሲን ለአንዲት ፍየል ጡሩንባ ነፋ፤ ፍየሏ ከመንገዱ ዳር ነበረች።

እንደዚያ ዓይነት ልጅማ ነበራት። ትንሳኤ፣ የሳሮን አባት። በ2001 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ኮንጋ ሄጄ የቡና ማጠቢያው ሥራ ይኖረው እንደሆነ አያለሁ ብሎ ወጣ። ኮንጋ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። እሱ ግን ይርጋጨፌን አልፎ፣ ኮንጋን አልፎ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ሄደ፤ ደላላው ማን እንደነበር እንኳ የነገራት የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ስልክ ደወለ። ከደቡብ አሜሪካ ነው አለ። እሷ ደቡብ አፍሪካ ማለቱ መስሏት ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ነገ ጫካ እንገባለን፣ እማዬ። ከጫካው ስንወጣ እደውላለሁ» አላት። ሳሮን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እናቷ በወሊድ ስላረፈች ከሸዋነሽ በቀር ማንም አልነበራትም።

ያ ከሆነ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈው። ጫካው ገና አላለቀም።

ቤት ስትደርስ ሳሮን የመኝታ ቤቱን ወለል በዕቃ ሞልታዋለች። የዝናብ ጃኬት፣ የእጅ ባትሪ፣ ቢጫ የክትባት ካርድ፣ ከኢዲዶ የመጣ ጥሬ ቡና በጨርቅ ከረጢት፣ ወረቀቶች በላስቲክ ማኅደር። ደረቱ ላይ ስሟ የተጻፈበትን የአስጎብኚነት ሸሚዟንም አጥፋ አስቀምጣለች፤ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮቹ ዘንድ እንግዳ ስትመራ የምትለብሰው ነው። መስከረም ላይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ያ ሸሚዝ በሳምንት ሦስቴ ይታጠባል።

«ሲጋበዙ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ግን ቡና ለቡና አገር?» አለች ሸዋነሽ በሩ ላይ ቆማ።

«የነሱ ካካዎ ነው እማማ፤ ቸኮላት የሚሠራበት። እንደኛ ቡና ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚያበቅሉት።»

«እባብ አለ?»

«አለ።»

«አለ ትላለች፣ ሰምተሃታል ጌታዬ።»

«እኛስ ጋ የለም እንዴ? ባለፈው ሳምንት ከእንሰቱ ሥር ማን ነበር በመጥረጊያ የገደለው?»

«የኛን እባብ አውቀዋለሁ» አለች ሸዋነሽ። «ጫማሽ ይሄ ነው? ይኼ ይረጥባል። ወባውስ? ዋሻ ትገባላችሁ ብለሽኝ የለ፤ ዋሻ ውስጥ ምን ተጥሎ ነው የሚገባው?»

«እማማ፣ አንድ በአንድ።»

ሸዋነሽ ተቀመጠች። ስለ ዋሻው ደግማ አልጠየቀችም። ይልቅ ያ ሰውዬ ትዝ አላት።

ጥቅምት ላይ ነው የመጣው፤ ለሳሮን የአስጎብኚዎች ማኅበር ግብዣውን የላከው እሱ ነው፤ ኢካል ይባላል፣ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፀጉሩ እንደ ቁራ ክንፍ የሚያብለጨልጭ ሰው። የማያ ተወላጅ ነው፤ እሱም በአገሩ አስጎብኚ ነው። ቶሌዶ ከሚባል ደቡባዊ ወረዳ ነኝ አለ። እንግዳ ሁሉ ወደ ባሕሩ ደሴቶች እንደሚሄድ፣ ወደነሱ ጫካና ፏፏቴ፣ ያለ ጭቃ ተደርድረው ወደ ቆሙት የአያቶቻቸው የድንጋይ ቤቶች ብዙ ሰው እንደማይዘልቅ ተናገረ። «እኛን የሚያውቀን የለም» ሲል፣ ሳሮን «እኛንም» ብላው ሁለቱም ሳቁ። የሚመጣውን እንግዳ መንደሩ በተራ ነው የሚቀበለው፤ ዛሬ አንዱ ቤት ያበላል፣ ነገ ሌላው፣ ማንም እንዳይቀር። ይህን ስትሰማ ሸዋነሽ ሰውዬውን ወደደችው።

ቱቱ ፈላ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ከድንጋዮቹ መካከል ረጅም ጊዜ ቆመ አሉ። ከዚያ «ማን አቆማቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሳሮን መቼም የሚባለውን ሁሉ ዘረዘረችለትና በመጨረሻ «እርግጡን የሚያውቅ የለም» አለችው። እሱም፣ «እኛ ዘንድ ደግሞ እናውቃለን፤ የሚጠይቀን ነው የሌለው» አለ።

ማታ እዚህ ቤት ቆጮ በጎመን በላ፤ ጨምሩልኝም አለ። ያን ጊዜ ነው ሸዋነሽ ደፍራ በሳሮን በኩል የጠየቀችው፤ «ሰዎች በእግራቸው የሚያልፉበት አንድ ጫካ አለ ይባላል። ያ ጫካ ያንተ ጫካ ነው?»

ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠ። ረጅም ነገር ተናገረ። እጁን ወደ ታች ዘረጋ፣ ወደ ጎን ዘረጋ፣ ደረቱን ነካ። ሳሮን ካዳመጠች በኋላ፣ «አይደለም፣ አራት አገር ይርቃል አለ» አለቻት። በቃ ይኸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሸዋነሽ አንዳንዴ ምስር ስትለቅም ብድግ ብላ ትቆማለች፤ ያ ሁሉ ንግግር አራት ቃል ነው እንዴ የሆነው? የቀረው የት ሄደ?

የሳሮን ስልክ ጮኸ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል።

«አቤት ጋሽ ሽመክት።» ፈገግ ብላ ነበር ያነሳችው። «አዎ፣ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ነው መኪናው። እሺ... ምን? ማን ነው ያለው?» ቀስ ብላ ዞር አለች፤ ሸዋነሽን አየቻት፤ አሁንም ታዳምጣለች። «ገብቶኛል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ አልወረወረችውም። ሸዋነሽ ብትወረውረው በወደደች።

«እማማ፣ ትናንት ከመሥሪያ ቤት ደውለውልሽ ነበር?»

«ደውለዋል።»

«ምን አልሻቸው?»

«የጠየቁኝን መለስኩ። ትመለሳለች ወይ አለኝ፤ እኔ እንጃ አልኩት።»

ሳሮን ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። «እማማ፣ እሱ እኮ ፎርም ነው። ሰው ሁሉ አዎ ብሎ ነው የሚያልፈው። ለሚ ኬንያ ሲሄድ እናቱ አዎ ብለው ነው የሄደው።»

ለሚ ከሳሮን ጋር ድንጋዮቹ ዘንድ የሚሠራ አስጎብኚ ነው። እናቱን ሸዋነሽ ታውቃቸዋለች።

«የለሚ እናት ምን አውቀው ነው?»

«ምንም አላወቁም። አዎ አሉ።»

«ታዲያ ዋሹ።»

«አልዋሹም። ፎርም ሞሉ።»

ሸዋነሽ ይኸ እንዴት ሁለት ነገር እንደሚሆን አሰበችና አልመጣላትም። «እሺ አሁን ምን ሆነ?»

«ደብዳቤው ቆመ። ቤተሰቧ አልተማመነባትም ተብሎ ተጻፈ። ያለ ደብዳቤው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይመልሱኛል። ዋስ የሚሆን የቅርብ ዘመድ መታወቂያውን ይዞ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረመ፣ ግብዣው ለማኅበሩ ስለሆነ ሌላ ሰው ይላካል። ቪዛ ለሁለታችን ነው ያስወጡት፤ ለሚ ተጠባባቂ ነው።» ማኅደሩን ወደ ጎን ገፋችና፣ «የቅርብ ዘመድ ደግሞ ማን አለኝ?» አለች።

ሸዋነሽ እፎይ አለች። አትሄድም። ምንም ሳታደርግ፣ ማንንም ሳትለምን፣ ፓስፖርት ሳትደብቅ፣ ልጅቷ ቀረችላት። ወዲያው ደግሞ ያ እፎይታ አሳፈራት። ትናንት ለዚያ ትሑት ሰው የመለሰችው የአባቷን እውነት ነበር? ወይስ ፍርሃቷ የአባቷን ካባ ለብሶ ነው የተናገረው? ሁለቱ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። ለይታ መስማት አልቻለችም።

«አላሰብኩበትም፣ ልጄ። እግዜር ያውቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እንግዲህ አንቺው ንገሪኝ። ካፍሽ ከሰማሁ አወቅሁ ማለት ነው። አዎ ካልሺኝ ሄጄ አዎ እላለሁ።» ጉልበቷን በእጇ ይዛ ወደፊት አዘነበለች። «ትመለሻለሽ?»

ሳሮን ጥሬ ቡናውን ከረጢት አንስታ በጣቷ ቋጠሮውን ፈታች፤ መልሳ ቋጠረችው።

«ትመለሻለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«ኢካል ያን ቀን ያለውን ሁሉ አልነገርኩሽም» አለች ሳሮን። «ጫካው አራት አገር ይርቃል ማለቱ እውነት ነው። ግን ከጫካው የወጡት ወደ ሰሜን ሲሄዱ በጎረቤቱ አገር ያልፋሉ አለ፤ ከድንበሩ ማዶ። ጥቂቶቹ መንገድ ስተው እነሱ መንደር ድረስ መጥተው ያውቃሉ። እናቱ አብልታቸዋለች። ከማዶ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው የስደተኛ ማደሪያ ቤት አለ። ያደረውን ሁሉ ስሙን ይጽፉታል፤ የብዙ ዓመት መዝገብ አላቸው። ከፈለግሽ አሳይሻለሁ አለኝ።»

ሸዋነሽ የሰማችውን ነገር የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ትንሳኤ። መዝገብ። ስም። ሊሆን የሚችል ነገር ነው? ወይስ እንዲሁ የሰው አገር ወሬ?

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተስፋ ታደርጊያለሽ ብዬ። ወይ ደግሞ አትሂጂ ትያለሽ ብዬ። የቱን እንደፈራሁ አላውቅም።»

«እና አሥር ቀን ያልሺኝ?»

«አሥር ቀን ነው። ሥራውም እውነት ነው፤ ጫካውን እሄዳለሁ፣ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ አያለሁ፣ ለማኅበሩ ሪፖርት እጽፋለሁ። ስሙን ካጣሁት በአሥራ አንደኛው ቀን እመጣለሁ።»

«ካገኘሽውስ?»

ሳሮን ቀና አለች። ዓይኖቿ የትንሳኤ ናቸው፤ ሸዋነሽ ከዚህ በፊት ይህን ያህል አላስተዋለችውም።

«ካገኘሁትና ከዚያ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው ካለ... እኔ እንጃ፣ እማማ።»

ጓሮ ያለችው ዶሮ ትጮኻለች። ከመንገድ በኩል የሙሐሲን ይሁን የሌላ፣ አንድ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ።

«አሁን አወቅሽ» አለች ሳሮን፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ለአያ ጂግሶም ንገሪያቸው። ለሚ ጋ እደውላለሁ፤ ጃኬት ስለሌለው ይኼን ይውሰድ።» ጃኬቱን አንስታ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ለብቻው አስቀመጠችው። ባትሪውን ከጎኑ አደረገች። ከዚያ ሌሎቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ ከሻንጣው ታወጣ ጀመር። አትለምንም። አታለቅስም። አያቷን እያየች እንኳ አይደለም።

ሸዋነሽ የልጅቷን እጆች ታያለች። «አዎ» ብትላት እኮ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት፤ የለሚ እናት ብለዋታል፤ አገር ሁሉ ይላታል። ይህቺ ልጅ ግን እዚህ ቤት ያደገች ናት። የማታውቀውን አላለችም፤ ጉዞዋ እየቀረባት እንኳ አላለችም። ማን አስተማራት?

ትንሳኤ ኮንጋ ብሎ ነው የወጣው። ያኔ ማንም ሸዋነሽን የጠየቃት የለም፤ ማንም ዋስ ሁኚ አላላትም፤ ስለዚህ ሲጠፋም ማንም መጥቶ «የት አለ?» አላላትም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ራሷን ብቻ ነው የጠየቀችው። ለመሆኑ ዋስ ማለት ምንድነው? ያየና የሚያውቅ ሰውማ ምስክር ነው የሚባለው። አባቷም ያን ቀን ለምስክርነት ነው የተጠራው። ዋስ የሚያስፈልገው ማንም በማያውቀው ነገር ላይ አይደለም እንዴ? አውቃለሁ አይልም ዋስ። ባትመጣ እኔን ጠይቁኝ ነው የሚለው።

ይህ የአያ ጂግሶን ጆሮ የሚያልፍ ነገር ይሁን፣ ወይስ አንዲት አሮጊት ልቧ ሲባባ የፈጠረችው ብልጠት፣ እርግጠኛ አልነበረችም። አንዱን ይዛ ስትነሣ ሌላው ያስቀምጣታል። ደግሞስ ልጄን ፈልጊልኝ ብላ ነው ይህቺን የምትሰዳት? አንዱን ፍለጋ ሁለተኛዋን? ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል። መሥሪያ ቤቱ ዳገቱ ላይ ነው፤ በእሷ ጉልበት ሩብ ሰዓት አይበቃም።

ሳሮን ቢጫውን ካርድ ከማኅደሩ ልታወጣ ስትል፣ ሸዋነሽ ተነሣች። ወደ ሳሎን ሄዳ ከመዝሙር መጽሐፏ ገጾች መካከል የቀበሌ መታወቂያዋን አወጣች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ከእሷ አሥር ዓመት ታንሳለች፤ እሷም ተጨንቃለች። መነጽሯን ፈለገች፤ ራሷ ላይ ነበር። ጫማዋን አጠለቀች፤ የግራው ተረከዙ አልገባ ብሎ በጣቷ ጎተተችው።

«እማማ?» አለች ሳሮን ከመኝታ ቤቱ። «እማማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

ሸዋነሽ አፏን ብትከፍት የምትለውን አላወቀችም። ሂጂ የሚለውም እዚያው ነበር፤ ቅሪልኝ የሚለውም እዚያው ነበር፤ ስሙን ብታገኚው ምን ብሎ እንደጻፈ ንገሪኝ የሚለውም። የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ፈራች።

ሳሮን ጃኬቱን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። የአያቷን ጫማ አየች፤ በእጇ የያዘችውን መታወቂያ አየች።

ሸዋነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በሩን ከኋላዋ ሳትዘጋው፣ ወደ ዳገቱ መንገድ ወጣች።